ሦስቱ የነነዌ ቀኖችና የክንዴ ሴንሰር

ባለፈው ዓመት በሕማማት ሰሞን የአንዲት አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ ሳለ እጄ ተንቀጠቀጠ። የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቴ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የአንሶላውን ጥግ መወጠር አቅቶኝ፣ ግንባሬን ላብ አጥምቆት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት ናቸው፤ ስሜን በየቀኑ ይረሱታል። የዚያን ቀን ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከቁርሳቸው የተረፈውን የብርቱካን ጭማቂ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና እስክጨርሰው ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ተንከባካቢዋ እኔ፣ የተንከባከቡኝ እሳቸው።

ይህን ዘጠኝ ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ጥር ላይ ግን ሐኪሜ ዘንድ ለስኳሬ ክትትል ስሄድ፣ ምግብ ሳትበዪ ውለሽ እጅሽ ተንቀጥቅጦ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዋሽቼ የምጾመው ጾም ምን ይረባኛል? እንዳለ ነገርኳት።

ሐኪሜ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የምወስደው ኪኒን ያለ ምግብ ስኳርን ከመጠን በላይ እንደሚያወርድ፣ ቀን ሙሉ ሳልበላ መዋል አደገኛ እንደሆነ፣ ስለዚህ ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን ብተወው እንደሚሻል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እኔ ከሐኪም ጋር አልከራከርም። ግን ባለቤቴ በሞተበት ዓመት፣ ቤቱ ጭው ባለብኝ ጊዜ፣ ያቆመኝ ያ ጾም ነው። ሃምሳ አምስት ቀን በየማለዳው የምነሣበት ምክንያት ሰጥቶኛል። ለእሷ ይህን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልቻልኩም፤ መሐረቤን አጣጠፍኩ። ከዚያ፣ ማስረጃ ባመጣልሽስ አልኳት።

ማስረጃ የሚለው ቃል ሳይጥማት አልቀረም። ኮምፒውተሯን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ክንድ ላይ የምትለጠፍ፣ ስኳርን በየአምስት ደቂቃው ለስልክ የምትነግር ሴንሰር እንዳለች ነገረችኝ። አንዷ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። እኔም ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሦስት ቀን የሚጾም የነነዌ ጾም እንዳለ ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረችና ተስማማን፤ በሦስቱ ቀን ከሰባ በታች ካልወረድኩ ስለ ሃምሳ አምስቱ እንነጋገራለን፤ ከወረድኩ ዘንድሮ አልጾምም። አንዲት ሴንሰር በካርቶን ሰጥታ አሰናበተችኝ። እንደ ስእለት ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ ይዣት ሄድኩ።

ቅዳሜ ልጄ አንድ ሰዓት ከማይሞላ መንገድ፣ ከአሌክሳንድሪያ መጣች። እዚያ የምትሠራበት ላብራቶሪ ከአንዲት የምራቅ ጠብታ የበሽታን ምልክት ለይቶ የሚያወጣ ነገር ለመሥራት ይደክማል። ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ "ላብራቶሪ ናት" ብዬ አልፍ ነበር፤ የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ሴንሰሯ ከአንድ ሳንቲም ብዙም አትሰፋም። ከሥሯ ለስላሳ የክር ጫፍ የምትመስል ነገር አለቻት፤ ቆዳ ውስጥ የምትቀረው እሷ ናት። ስኳር እዚያች ጫፍ ላይ ካለው ቅመም ጋር ሲገናኝ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ትፈጠራለች፤ ስኳሩ ሲበዛ እሷም ትበዛለች። ይህችን ሚጢጢ ኤሌክትሪክ ሳትባክን የሚለቅሙት ጫፏ ላይ የተነሰነሱ ናኖ የሚባሉ ብናኞች ናቸው አለችኝ። ናኖ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት። በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ መጨረስ አቃታትና ወደ ጓዳ ገብታ ከጤፍ ጣሳዬ አንዲት ፍሬ በጣቷ አጣብቃ መጣች።

"ይቺን ሚሊዮን ቦታ ስንጥቂያት፣ ማሚ። የአንዱ ውፍረት አንድ ናኖ ነው።"

"ማን ይሰነጥቃታል? እኔ ነጩን ከቀዩ መለየትም አቅቶኛል፣ መነጽሬ የት ሄደ?"

ሣቀች። ክንዴን በአልኮል ጠረገችው። በስመ አብ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ጀመርሽ ወይ ስላት ጨርሳለች። ከዚያ የእኔን ስልክ ከእሷ ስልክ ጋር ሼር አደረገችው፤ ቁጥሬን አሌክሳንድሪያ ሆና እንድታይ ነው። ከእንግዲህ ምን እንደበላሁ እንደማይደበቃት ነገረችኝ። እኔ ምን እደብቃለሁ ብዬ ገና ስኮራ፣ "የአምናው ጁስስ?" አለች። ሐኪሜ የጻፈችውን ማስታወሻ ስልኬ ላይ አንብባ ኖሯል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የሚደማ ሰው እንደማይቆርብ አውቃለሁ፤ ይህ ነገር ደሜ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ይደማል ወይ አሉኝ። ልጄ እንዳስረዳችኝ በሥጋ መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በደም ሥር ውስጥ እንዳልሆነ፣ አንድም ጠብታ እንዳልፈሰሰኝ ነገርኳቸው። ምግብ ያስገባል ወይ አሉኝ። አያስገባም፣ ወሬ ነው የሚያወጣው አልኳቸው። ፈገግ አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

"እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። ወረደ ካለሽ ትበያለሽ። ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። በልተሽ ብታለቅሺ ግን እሱን አልፈታልሽም።"

ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉኝ፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳቸውም የምመልሳቸውም እኔ ነኝ። ያን እሑድ ከመኪና ሲወርዱ ደግፌያቸው ሳለ እጃቸው ሴንሰሯ ላይ አረፈ። እጅጌዬን ገልበው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። በዚህ አገር ፖሊስ ጥፋተኛን በማሽን እየተከታተለ ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ከልጅ ልጃቸው ሰምተዋል።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ስኳር ነው እማማ። ስኳሬን ነው የሚከታተለው።"

"እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስጾም ስኳሬን ማን ነግሮኝ ያውቃል? አለማወቄ ነው ያቆየኝ።"

ማታ ካፖርቴን ሳወልቅ ገበሩ የሴንሰሯን ጠርዝ ያዘና ብድግ አደረገው። ክው አልኩ። ሐኪሜ የሰጠችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ በማግስቱ ደግሞ ጾሙ ይገባል፤ ስግደት አለ፣ መነሣት መውደቅ አለ። ጠርዙን በጣቴ ይዤ የእማማን በር አንኳኳሁ። እሳቸው ከአሮጌ ነጠላ እንደ መቀነት የረዘመ ዘለላ ቀደዱና ክንዴን ከላይ እስከ ታች ጠምጥመው አሰሩት። ሲያስሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ያሰርኩት አይወድቅም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስተኛ ስለቆረቆረኝ ፈታሁትና፣ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል እንደገና አሰሩልኝ። በዚህ ጥንቃቄያችን ሁለታችንም ኮራን።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጸሎቱ ገና ሳይጋመስ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አዳራሹ ጥግ ሄጄ አየሁት፤ ስልሳ አራት። ደህና ነኝ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ላብም የለኝም። ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ከመደርደሪያው ጫማዬን አውጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳቸውን ሦስት ቴምሮች በላሁ። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ስልሳ አንድ። ጭማቂ ጠጣሁ። ስልሳ ሦስት። ዳቦ በላሁ። ምእመኑ ውስጥ እየሰገደ እኔ መኪና ውስጥ እንደ ጾም ፈቺ ስጎርስ መስኮቱን በነጠላዬ ጋረድኩት። አባ አታልቅሺ ስላሉኝ ብቻ ነው ያላለቀስኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ፣ ዘለላውን ፈትቼ ስታጠብ ልጄ ኮል አደረገችኝ።

"ማሚ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ! ሰርግ ቤት ነሽ እንዴ?"

ማክሰኞም ያው ሆነ። ያውም ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነዘረኝ። እማማ ከጎኔ ሆነው ቴምሩን ራሳቸው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። ያን ማታ ነገሩ አለቀ ብዬ ቆረጥኩ። ሦስት ቀን የማያስጾም ሰውነት ሃምሳ አምስት ቀን ምን ሊሆን ነው? ልጄ ደውላ ስታጽናናኝ፣ እግዚአብሔር ካልፈቀደ አልታገለውም፣ ረቡዕ ጠዋት ለሐኪሜ ደውዬ እተወዋለሁ አልኳት። እሷ ግን ሳልመጣ እንዳትደውዪ አለችኝ።

ረቡዕ በማለዳ፣ ውጭው ገና በረዶ እንደሆነ፣ ላፕቶፕዋን ታቅፋ ደረሰች። የሁለቱን ቀን የስኳሬን መስመር አትማ አምጥታለች። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ጫፍ እየነካች አሳየችኝ። ተኝቼ ሳለሁ መስመሩ ደህና ነው። ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ግን እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ብበላም አይነሣም። ከሰዓት ቤት ስገባ ደግሞ ባንዴ ወደ ላይ ይተኮሳል።

"ስኳር እንዲህ አይሠራም፣ ማሚ። ቴምር በልተሽ እንዴት ትወርጃለሽ? ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ምንድን ነው የምታደርጊው?"

እጸልያለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ነጭ ልብሴን እለብሳለሁ፣ መኪና አሞቃለሁ አልኳት። የቀረ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ይህን እየተባባልን በሩ ተንኳኳና እማማ ገቡ፤ ዘለላው በእጃቸው ነው።

"ነይ ልሰርሽ፣ ሰዓቱ ሄደ" አሉኝ።

ልጄ እርሳሷን አስቀመጠች። "ምኑን ነው የሚያስሯት?"

እማማ ደስ ብሏቸው እጅጌዬን ሰበሰቡና እንደ ለመዱት ጠምጥመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሸብ አደረጉት። ልጄ አልከለከለቻቸውም። ሰዓቷን ብቻ አየች። ከዚያ የድሮውን የጣት መመርመሪያዬን ከመሳቢያ አወጣች። እጄን አስታጠበችኝ፣ ጣቴን ወጋችው፤ አንድ መቶ አራት። ስልኬ በዚያው ደቂቃ ዘጠና ስምንት ይላል። ትንሽ ቆይታ ሰማንያ አንድ። ከዚያ ሰባ። ከዚያ ስልሳ ስድስት፤ ነዘረ። ጣቴን እንደገና ወጋችው፤ መቶ ሁለት። እኔ ከወንበሬ ሳልነቃነቅ፣ ሳልበላ፣ ሳልሰግድ በስልኩ ላይ ልሞት ደርሻለሁ።

ልጄ ሣቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሴንሰሯ ከላይ ስትጨመቅ በዙሪያዋ ያለው ፈሳሽ ይሸሻል፤ ፈሳሹ ከሸሸ ስኳሩንም ይዞት ይሄዳል፤ ያቺ ሁሉ ናኖ የምትለቅመው ታጣና የለም ትላለች። በክንድ ላይ ተኝቶ ማደርም እንዲሁ ያደርጋል አለችን። ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይም ተጽፏል፤ እኔ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ስለሆነ በክብር አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት።

ዘለላውን ስትፈታው ክንዴ ላይ ጉድጓድ ሠርቷል። ሦስታችን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁመን እንደ ዜና አየነው። ሰባ ሁለት። ሰማንያ አምስት። ዘጠና ሰባት። እማማ አማተቡ።

"ያለ እህል ወጣላት" አሉ እየሣቁ። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸውና ሣቁን ተዉት። "እንዲያማ ከሆነ፣ ሁለት ቀን ጾምሽን ያስገደፍኩሽ እኔ ነኝ።"

እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብልም አልሰሙኝም። ሁለቱን ቀን እኔ እጾምልሻለሁ አሉ። በዕድሜያቸው እንዴት ይሆናል ስላቸው፣ የእኔን ማንም አይለካውም አሉኝ። ሐሙስንና የሚቀጥለውን ሰኞ በእርግጥም ጾሙልኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ብሄድ በሩን አልከፈቱም።

ረቡዕን ክንዴን ሳላስር ጾምኩ። ልጄ ጠርዙ ላይ ፕላስተር ለጠፈችልኝ፤ ይኸው ነበር የሚያስፈልገው። ሰገድኩ፣ ቆምኩ፣ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መስመሩ ከሰማንያ ሳይወርድ ዋለ።

ግን ሦስት ቀን ተስማምተን አንድ ቀን ብቻ ነው የተገኘው። ሐሙስ ከሰዓት ሐኪሜ ዘንድ ቀርቤ ዘለላውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መስመሩን አየች፣ ዘለላውን አየች፣ በጣቷ ጎተት አድርጋ ጥንካሬውን ሞከረች፤ ሣቀችም። ሰኞና ማክሰኞ ግን ማስረጃ አይሆኑም አለች። እኔም ይህን ስለማውቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ሴንሰሯ ገና ቀን ቀርቷታል፤ በየሳምንቱ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ ስለዚህ ከዐቢይ ጾም በፊት ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አለኝ አልኳት። በቤተ ክርስቲያናችን የጾም ቀን እንደማይጠፋ ያን ጊዜ ገባት። እሺ አለችኝ።

ሁለቱ ቀን ደህና አለፉ። የመጨረሻው ዓርብ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የዚያችኑ አሮጊት አልጋ ሳነጥፍ ስልኬ ነዘረ፤ ሰባ ሦስት፣ ቀስቷም ቁልቁል። ክንዴን የነካው ነገር የለም። እጄም ጀምሮኛል። ይህኛው እውነተኛ ነው። ልቤ አዘነ፤ ሆኖም ቴምሬን አወጣሁ። አሮጊቷ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ክንዴን አሳየኋቸው፣ ቁጥሩንም አሳየኋቸው፣ አንድ ቴምርም ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ስገባ ቁጥሬን ይጠይቁኛል። ስሜን አሁንም አያውቁትም።

ሰባ ሦስቱን ለሐኪሜ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ብደብቅስ መስመሩ ያሳብቅብኛል። በግራፉ ላይ ብዙ ቆየች። ዐይኖቼ እርሳሷን ሲከተሉ ውስጤ ይጸልይ ነበር። በመጨረሻ የጠዋቱን ኪኒን አስቀረችና ከማታው ምግብ ጋር በሌላ፣ ስኳርን ያን ያህል በማያወርድ መድኃኒት ተካችልኝ። እስከ ሰባት ሰዓት መቆየት ትችያለሽ፣ ከዚያ ማለፍ ግን የለም አለች። አዲስ ሴንሰርም ጻፈችልኝ። ለአባ ስነግራቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ለጤነኛ ነው፣ ሰባት ሰዓት ደግሞ ለአንቺ ነው ብለው ጨረሱት። የተሰጠኝን ተቀበልኩ። ሃምሳ አምስቱም ቀን ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ልክ በሰባት ሰዓት፣ በሠራተኞች ክፍል የሽሮ ዕቃዬን ከፈትኩ። ገና ሁለት ጉርሻ ሳልጨርስ ስልኬ ላይ የልጄ መልእክት ገባ። "መስመሩ ተነሣ። አሁን እኔም ልብላ" ይላል። ይህች ልጅ ከሃይ ስኩል ወዲህ ጾማ አታውቅም፤ እኔም አስገድጃት አላውቅም። ደወልኩላት። ረቡዕ ዕለት፣ ያቺ ዘለላ የተፈታች ቀን፣ የእኔ መስመር እስኪነሣ ድረስ ምንም ሳትቀምስ እንደዋለች ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ቁጥርሽ ባዶ ሆድ እንደሆንሽ እየነገረኝ እኔ ቁጭ ብዬ ሳንድዊች መብላት ከበደኝ አለች።

የእኔን ስኳር በየአምስት ደቂቃው ታያለች፤ የእሷን እኔ የማይበት የለኝም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ጠየቅኋት።

"እና አሁን ምን ልትበዪ ነው? እውነቱን ተናገሪ።"

"ምስር፣ ማሚ። አንቺ የቋጠርሽልኝን።"